የልጅነት አክሽን ፊልሞቻችንን ደግመን ስናይ፦ የሰባት ቅዳሜ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

አምስት ጓደኛሞች ነን፤ አንድ ሰፈር ያደግን። ባለፈው ክረምት ልጅ ሳለን ያበድንላቸውን የአሜሪካ አክሽንና የወንጀል ፊልሞች እንደገና ለማየት ቀጠሮ ያዝን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። እዚያው ልንተወው ምንም አልቀረንም። ግን ቀጠልን፤ ሰባት ቅዳሜ ፈጀ። ታሪኩን ለሰው ሳወራ ብዙዎች "እኔም ደግሜ አይቼ ደብሮኛል" ይሉኛል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልመዝግበው አልኩ።

ስም አልጠራም። አንዱን ጠጋኙ እለዋለሁ፤ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል። ወታደሩ በባድመ ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ ነው። ተርጓሚው ዛሬ እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ለምን ተርጓሚ እንደምለው ወደ በኋላ ይገባችኋል። ታላቃችን በዕድሜ ይበልጠናል። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ዳራ

መጀመሪያ አንድ የአቆጣጠር ነገር። ፈረንጅ "ሰማንያዎቹ" ሲል ከ1980 እስከ 1989 ማለቱ ነው። ያኔ እኛ በአብዛኛው ገና ሰባዎቹ ውስጥ ነበርን። ፊልሞቹ ግን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የደረሱት በእኛ ሰማንያዎቹ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሲል መጣ መጣ ብለው፣ ከወደቀ በኋላ በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት ጎረፉ። ስለዚህ "የሰማንያዎቹ ፊልም" ሲባል በሁለቱም አቆጣጠር ያስኬዳል። ከዚህ በታች ፊልሞቹ የወጡበትን ዓመት በፈረንጅ፣ የእኛን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የእኛ ቪዲዮ ቤት የጭቃ ቤት ነበረች። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የቀኑ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል። መስኮቷ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን እንቀመጣለን፤ ዘጠነኛው ሲመጣ ጫፍ ላይ ያለው ይወድቃል። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ምስሉ ላይ ሁልጊዜ በረዶ ይዘንባል።

ለእኛ "አክተር" ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም። አክተር ማለት የማይሞተው ሰውዬ ነው። ሌላው ሁሉ ሌባ ነው፤ ጄኔራልም ቢሆን ሌባ ነው። አንድ ፊልም ጥሩ ነው የሚባለው አክተሩ ብዙ ሌባ ሲገድል ነበር።

ተርጓሚው ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ሳይከፍል ይገባል። በምትኩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚባለውን በአማርኛ ይነግረናል። ድምፁ ገና እየጎረነነ ስለነበር ጄኔራሉ ሲናገር አንዳንዴ እንደ ሕፃን ይቀጥናል። ማንም አይስቅም፤ የሳቀ ይወጣል።

ችግሩ

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፊልም የ1985ቱ ኮማንዶ ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ጠጋኙ ቤት፣ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ የጠራ ኮፒ። ቆሎው ቀርቧል፣ ቡና እየተፈላ ነው። የጠጋኙ የአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጅና ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሴት ልጁም ተቀምጠዋል። "የእኛን ዘመን ፊልም እዩ" ተብለው ነው።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ነገሩ መበላሸት ጀመረ። ምስሉ ከመጥራቱ የተነሳ ሁሉም ነገር ይታያል። አክተሩ አንድ ቢጫ ፖርሽ እያባረረ ጎኑን ያደቅቀዋል። ከዚያ መኪናውን አቃንቶ ራሱ ሲነዳው ጭረት እንኳን የለበትም። ጠጋኙ ወደ ኋላ መለሰው። እውነት ነው፣ የለበትም። መጨረሻ ላይ የወታደሮቹ ካምፕ ሲፈነዳ ደግሞ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ሰዎች አይደሉም፤ የልብስ መደብር አሻንጉሊቶች ናቸው። ያኔ በረዶው ሸፍኖልን ነበር።

ወታደሩ ሙድ መያዝ ጀመረ። "የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ነው። ጣትህን ሳታነሳ ከተኮስክ በ3 ሰከንድ ያልቃል። ይሄ ሰውዬ ካዝና የሚሞላለት ማነው?" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ አሁን ሳይስቅ፣ "ከተኩስ በኋላ ጆሮህ ወሬ አይሰማም። እነዚህ ተኩሰው ወዲያው ይጫወታሉ" ብሎ ጨመረ።

ሴት ልጁ ከአክተሩ ጋር የምትዞረውን ሆስተስ እያየች "ይቺ ስሟ ማነው?" አለች። አምስታችን ተያየን። ፊልሙን ልጅ ሆነን ቢያንስ አሥር ጊዜ አይተነዋል። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ወንድሟ ከስልኩ ቀና ሳይል "አባዬ፣ ይሄ ኮሜዲ ነው?" አለ። ጠጋኙ አልመለሰለትም።

ሲያልቅ ቤቱ ፀጥ አለ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተበተንን። ማታ ጠጋኙ ደውሎ "እንዲህ ዓይነት ፉገራ ነው ስናደንቅ የኖርነው?" አለኝ። የሚያፍርበት ነገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር።

ምን ሞከርን

*መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠርን።* ጠጋኙ ሙያው ስለሆነ ሌሊቱን አላረፈም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ነው። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች በመሃል የሌለ ምስል ከራሳቸው ፈጥረው ይሰካሉ፤ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ ተብሎ። ለኳስ ጥሩ ነው። ፊልም ላይ ግን ተዋናዩን ጎረቤት ግቢ ውስጥ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ያስመስለዋል። ከፋብሪካ ሲወጣ ተከፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅ። ጠጋኙ ዘጋው፤ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ከብስጭታችን ሩቡ የቴሌቪዥኑ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። አሻንጉሊቶቹ ግን እዚያው ቆመዋል።

ያኔ ሌላም ነገር ነገረን። ብዙዎቹ ፊልሞች በሰፊ ምስል የተቀረጹ ናቸው። ወደ ካሴት ሲገለበጡ የድሮው ቴሌቪዥን አራት ማዕዘን ውስጥ እንዲገቡ ግራና ቀኛቸው ይቆረጣል። ሁለቱን የመጀመሪያ ራምቦዎች ብትወስዱ፣ ከምስሉ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው ተቆርጦ ነው እኛ ያየነው። ይሄ ነገር በኋላ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ።

*ሁለተኛው ቅዳሜ፣ የ1986ቱ ኮብራ።* የ87 ደቂቃ ፊልም ነው። ልጅ ሆነን የክብሪት እንጨት አፋችን ውስጥ ሰክተን የዞርነው በዚህ ሰውዬ ምክንያት ነው። አሁን ስናየው ፒዛውን በመቀስ እየቆረጠ ይበላል፤ በዚያ ስቀን ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው አክተሩ በአሜሪካ በየስንት ሰከንዱ ምን ወንጀል እንደሚፈጸም ቁጥር ሲቆጥር ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1980 አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሺህ ሰው ከአሥር በላይ ይገደል ነበር፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወርዷል። ፊልሙ ያን የፈራ ሕዝብ ይዞ "ዳኛና ሕግ ናቸው እጃችንን ያሰሩት፤ ፖሊሱ ዝም ብሎ ይተኩስ" ይለዋል።

ታላቃችን እስከ መሃል ዝም ብሎ አየ። ከዚያ "ይሄ እኮ ነፃ እርምጃ ነው" አለ።

ቀልድ አልነበረም። በቀይ ሽብር ጊዜ ደርግ ሰውን ያለ ፍርድ መግደሉን የሚጠራበት ስም ነው። በ1970 ታላቅ ወንድሙን ከቤት ሲወስዱት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እኛም ኮብራን አልጨረስነውም። እዚህ ጋ የእኔ ጥፋት አለ፤ ፊልሞቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ማን አብሮን እንደሚቀመጥ ለአፍታ አላሰብኩም።

*ሦስተኛው፣ የ1985ቱ ራምቦ ሁለት።* ዳይሬክተሩ ኮብራን የሠራው ራሱ ጆርጅ ኮስማቶስ ነው። ሌቦቹ ቬትናሞችና ሶቪየቶች ናቸው። ፊልሙ ሲወጣ እኛ አገር የሶቪየት አማካሪ ሞልቶ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስለ ወንድማዊ ወዳጅነቱ እንዘምር ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይተን ደግሞ ሶቪየት በተመታ ቁጥር አጨበጨብን። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላታችን ውስጥ አንድም ቀን አልተገናኙም። ከዚህ ውጪ የምለው የለኝም፤ አክተሩን የምትረዳው ቬትናማዊት ከሳማት ደቂቃ ሳይቆይ ትገደላለች፣ ከዚያ ፍንዳታ ነው። ወታደሩ ተኛ።

ያላየነው መጨረሻ

አራተኛው ቅዳሜ ፕሮግራሙን ልንሰርዝ ተመካክረን ነበር። ታላቃችንን ለማባበል ብዬ "አንድ ብቻ እንይ፣ ብዙ ሰው የማይሞትበት" አልኩት። የ1982ቱን የመጀመሪያውን ራምቦ ማለቴ ነው። ልጅ ሆነን ደካማ የምንለው እሱን ነበር። በእርግጥም በግልጽ ሲሞት የሚታየው አንድ ሰው ነው፤ ከሄሊኮፕተር የሚወድቀው ፖሊስ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ጓደኛውን ፍለጋ ይሄዳል። ጓደኛው በካንሰር ሞቷል። በእግሩ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲገባ ሸሪፉ መልኩን አይቶ ያባርረዋል፣ ያስረዋል። እስር ቤት ያንገላቱታል፤ ያመልጣል። ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ ተመልሶ ከተማዋን ማተራመስ። መትረየሱን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲገባ አምስታችንም "አሁን አለቀ" አልን። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ፊልሙ የሚቆመው እዚያ ነበር። ውጪ ሌላ ተመልካች ተሰልፏል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ብቻ ነው ብሎ ባለቤቱ ካሴቱን ያጠነጥናል። የቀረውን የሚነግረን ተርጓሚው ነበር። ከተማዋን በሙሉ አቃጥሎ የሸሪፉን ልጅ ያገባል ብሎናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሄን ይዤ ኖሬአለሁ።

ፊልሙ ግን ቀጠለ። ሰውዬው ጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አገሩ ሲመለስ ሥራ የሚሰጠው እንዳጣ ተናገረ። ከዚያ ሳይጎን ውስጥ የሆነውን ይናገራል። ከጓደኛው ጋር ቡና ቤት ተቀምጠው አንድ ልጅ ጫማ ልጥረግ ብሎ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ፈንጂ አለ። ጓደኛው እጁ ላይ ይሞታል።

ወታደሩ ፊት ለፊቱ የለውዝ ሳህን ነበር። አንድ በአንድ ይፈለፍላል፣ አይበላም። ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ፊልሙ ሲያልቅ ክምር ሠርቷል።

"የሊስትሮ ሳጥን ነው ያለው?" አለ።

"አዎ፣ የሊስትሮ" አለ ተርጓሚው።

"አንተ ሰርግ ነው ያልከን።"

"የማውቀው እንግሊዝኛ ሃያ ቃል ነበር" አለ ተርጓሚው። ይሄን ሲያምን የመጀመሪያው ነው።

ወታደሩ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል አወራ። ስለ ባድመ ከሱ የሰማሁት ረጅሙ ወሬ ነው። እዚህ አልጽፈውም፣ የሱ ነው። ታላቃችን ኩርሲውን ወደሱ አስጠግቶ ሰማው።

በኋላ እንዳነበብኩት ፊልሙ የተወሰደው ዴቪድ ሞረል በ1972 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ሰውዬው ይሞታል። ፊልሙም ላይ የሚሞትበት መጨረሻ ተቀርጾ ነበር፤ ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስላልወደዱት ተቀየረ። ባይቀየር ኖሮ ራምቦ ሁለት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ወለል ላይ ያለቀሰው ሰውዬ በሦስት ዓመት ውስጥ የማያልቅ ጥይት ያለው ሰውዬ ሆኖ የመጣው ከዚያ ነው።

የቀሩት ቅዳሜዎች

አምስተኛው ቅዳሜ የ1983ቱ ስካርፌስ ነበር። 170 ደቂቃ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄደ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ "ቀጥሉ" ያለ የለም። እኔ የተመቸኝ መጀመሪያው ነው። በ1980 ከኩባ ማሪየል ወደብ ወደ 125 ሺህ ሰው በጀልባ አሜሪካ ገብቷል፤ ፊልሙ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሰውዬው ሰሃን አጣቢ ሆኖ እጁን ሲያይ የሚያሳየውን ፊት አውቀዋለሁ። እኔም እዚያው አገር ሦስት ዓመት ሰሃን አጥቤአለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ደም ነው፤ ልጅ ሆነን ቀንተንበት የነበረውም ደሙ ነበር።

ስድስተኛው የ1988ቱ ዳይ ሃርድ። ይሄ አላሳፈረንም። አክተሩ ባዶ እግሩን ነው፤ ብርጭቆ ይወጋዋል፣ እየፈራ ይሮጣል፣ ጥይት ይቆጥራል። ፎቁ ሎስ አንጀለስ ያለ እውነተኛ ሕንፃ ስለሆነ ማን የት እንዳለ አይጠፋችሁም። ዋናው ሌባም ከአክተሩ የበለጠ ብልህ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ አርባኛው ደቂቃ አካባቢ ስልኩን ሶፋ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ጠጋኙ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ወደ ኮማንዶ ተመለስን። የወታደሩ ሐሳብ ነው። "ድምፁን አጥፉና ይሄ ውሸታም ይተርጉም" አለ። ተርጓሚው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመ። አሁን መነጽር አለው፣ ሆድም አለው። ሆስተሷን ስም አወጣላት፣ የጎጃም በረንዳ ልጅ አደረጋት። ፖርሹ ያለ ጭረት ሲመጣ "ጋራዥ አስገብቶት ነው የዘገየው" አለ። ካምፑ ፈንድቶ አሻንጉሊቶቹ ሲታዩ "እነዚህ በድንጋጤ ደርቀው የቀሩ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር" ሲል ታላቃችን ቡናው አፍንጫው ገባ። ሴት ልጁ እየሳቀች በስልኳ ቀረጸችው። ያው ፊልም ነው፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ያፈርንበት።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ጥሩ ቴሌቪዥንና የጠራ ኮፒ አልሠራም፣ እንዲያውም አባሰው። ምስል ማለስለሻውን መዝጋት ሠራ። ልጆቹን "የእኛን ዘመን እዩ" ብሎ ማስቀመጥ አልሠራም፤ ዳይ ሃርድን ያየው ማንም እይ ሳይለው ነው። ፊልሞቹን በድሮ ዝናቸው ቅደም ተከተል ማስቀመጤ ስህተት ነበር። በወጡበት ዓመት ብንሄድ ከ1982ቱ እንጀምር ነበር፤ የመጀመሪያው ቅዳሜም እንደዚያ ባልሆነ። ያልጨረስናቸውን ሁለቱን ፊልሞች በማቆማችን አልተቆጨሁም።

ከሁሉም የሠራው አማርኛው ነው። ልጅ ሆነን የወደድነው ኮማንዶን አልነበረም፤ ኮማንዶ ላይ ቆሞ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚፈጥረውን ታሪክ ነበር። ድምፁን ከፍተን በእንግሊዝኛ ስናየው ያንን ነው ያጣነው። ብስጭታችንን ግን ፊልሙ ላይ አላከክነው።

ለሚሞክር ሰው

ደግማችሁ ልታዩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ አብሯችሁ ማን እንደሚቀመጥ አስቡ። ጦርነት ያየ ሰው፣ ቤተሰቡ የተገደለበት ሰው፣ ድሮ አብሯችሁ ያጨበጨበለትን ዛሬ አብሯችሁ ላያይ ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲወጣም አትከተሉት። ምርጫ ላይ እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አክተሩን ሲመቱት ያመዋል? ከሚያመው ጀምሩ። የማያመውን ለሳቅ አቆዩት። በልጅነታችሁ "ወሬ ይበዛዋል" ብላችሁ የናቃችሁትን ፊልም ደግሞ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ፤ ማን መሃል ላይ ካሴቱን እንዳጠነጠነባችሁ አታውቁም።

አሁን ያለንበት

ክረምቱ አልፎ ሥራ በዛ፤ አሁን በወር አንዴ ነው የምንገናኘው። ባለፈው ጊዜ የጠጋኙ ልጅ ተርጓሚውን "ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ራምቦም ይተርጉሙልን" አለው። ተርጓሚው ወደ ወታደሩ ዞር አለ። ወታደሩ ትንሽ አሰበ።

"እስከ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ ይተርጉም" አለ። "ከዚያ በኋላ ድምፁን ክፈቱት።"